ባሌ ስለ እኔ የዋጠው ክኒን

ቅዱሳን፣ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ተነስቻለሁ። ተነስቻለሁ እንጂ እንዴት እንደምናገረው አላውቅም፤ ከወንበሬ እስከዚህ ስመጣ መጀመሪያው ጠፍቶብኛል። ጌታ ይባረክ! አከም ጂርቱ፣ ደህና ናችሁ? አፋን ኦሮሞዬ ገበያ ያስገዛኛል እንጂ መድረክ ላይ እንደሚያዋርደኝ ታውቃላችሁ። ስለዚህ በአማርኛ እናገራለሁ፣ ተሬሳ ይተረጉምልኛል። ተሬሳ የዚህ ቤተ ክርስቲያን አስተርጓሚ ነው፤ ለእኔ ደግሞ ባሌ ነው። ሌላ አስተርጓሚ ስጡኝ ብዬ ነበር። የባለትዳሮች ቀን ስለሆነ ሌሎቹ ልጆቹን ይዘው ወጥተዋል ተባልኩ። እንግዲህ እሱው ራሱ ይቻለው!

ልጆቹ ሁሉም ወጥተዋል አይደል? እሺ፣ ጥሩ።

ቤት የተስማማነው አጭር ነበር። "በትዳራችን ችግር ነበረ፣ ጌታ ፈታው፣ ክብር ለእርሱ ይሁን" ብዬ ልቀመጥ ነበር። ግን የተሬሳ እናት ከጉቴ መጥተው ይኸው ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ሀርሜ፣ እማዬ፣ ነው የምላቸው፣ እንደ ልጃቸው። እሳቸው እያዩኝ ያቺን አጭሯን ብናገር ውሸት ይሆንብኛል። ልጃቸው የማይገባው ስም ተለጥፎበታል፣ እሱም ዝም ብሎ ተሸክሞታል። ያን ስም ሳላነሳለት ብቀመጥ የእኔ መፈወስ ለማን ይጠቅማል? ተርጉም እንጂ ተሬሳ፣ ምን ታየኛለህ?

የተወለድኩት አንገር ጉቲን ነው። ወላጆቼ በድርቁ ጊዜ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች ናቸው፤ እናቴ እስከ ዛሬ በእመቤታችን ነው የምትምለው። "ወንድ በመንገድ ሲመጣ አቀርቅረሽ እለፊ፣ ቢጠራሽ አትመልሽ፣ ሳይመሽ ግቢ" ተብዬ ነው ያደግኩት። ሰውነቴ የራሴ አይመስለኝም ነበር። የቤተሰቡ ክብር የተቀመጠበት ዕቃ ይመስለኝ ነበር፤ ከሰበርኩት አለቀልኝ። ለትምህርት ነቀምቴ መጥቼ፣ ከጓደኞቼ ጋር ቤት ተከራይቼ ስኖር ነው ጌታን የተቀበልኩት። ክብር ለስሙ! ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ዛሬም ሳስበው እንባዬ ይመጣል።

መዘምራን ውስጥ ገባሁ። ልጃገረዶቹን የምታስተምር አንዲት እህት ነበረች፤ መልካም ሴት ናት፣ አልወቅሳትም። "ጠዋት ስትነሱ እጃችሁን ሆዳችሁ ላይ አድርጉና 'ይህ ቤት ለጌታ ተዘግቷል' በሉ" ትለን ነበር። ሌሎቹ ይረሱታል፣ ይሳሳቁበታል። እኔ መች እረሳለሁ? እኔ እንዲያውም ጨመርኩበት። እየጾምኩ "ጌታ ሆይ፣ አንተው ራስህ ዝጋኝ፤ ማንም እንዳይከፍተኝ" እል ነበር። ማንም ነው ያልኩት፣ ልብ በሉ። "ከባሌ በቀር" ማለት አልመጣልኝም፤ ያኔ ባል የት አለና!

ኋላ ተሬሳ መጣ። እንጨት ሥራ ቤት አለው፤ ለመዘምራኑ አግዳሚ ወንበር ሊሠራ መጥቶ ነው የተዋወቅነው። እንዴት ያለ ጨዋ ሰው መሰላችሁ! ይህንንም ተርጉም፣ አትፈር። በሽማግሌ ተጠየቅኩ፣ ተዳርኩ፣ በእናንተው እልልታ ከዚሁ አዳራሽ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ነው ግራ የገባኝ። ወገኖቼ፣ በጨዋ አፍ ልናገረው። ባሌን እወደዋለሁ። ልቤ ወደ እሱ ይሄዳል። ሰውነቴ ግን አይከተልም። ሲቀርበኝ ጭኔ ይንቀጠቀጣል፣ ጥርሴ ይገጥማል፣ ከወገቤ በታች ግድግዳ እሆናለሁ። ሕመሙ እንደ ቢላ ስለት ነው። እሱ ወዲያው ይተወኛል፣ "ይቅርታ፣ ይቅርታ" እያለ ጀርባዬን ያሻል። ይቅርታ የሚለው እሱ፣ የተዘጋሁት እኔ! መጀመሪያ አዲስ ስለሆንኩ ነው አልኩ። ወራት አለፉ፣ ያው ነው። ዓመትም አለፈ፣ ያው ነው።

ያን ጊዜ የመጣብኝ ሐሳብ አስፈሪ ነበር። ጌታ ጸሎቴን ሰምቷል ማለት ነው! ዝጋኝ ብዬዋለሁ፣ ዘግቶኛል። ታዲያ የተመለሰ ጸሎት ይሰረዛል እንዴ? ጌታን "ተሳስቼ ነው፣ መልሰው" ይሉታል? ግራ ቢገባኝ ወደዚያች እህት ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳት። "እታገኝ፣ ከሰርግ በኋላ ስላለው ቀን እኮ ትምህርት የለንም" አለችኝ። እሷም ግራ ገብቷት ተለያየን።

የልጅ ጥያቄ ደግሞ መጣ። ጉቴ የቤተሰብ ዝግጅት ላይ ተሰብስበን ሳለ የተሬሳ አጎት ሚስት በሴቶቹ ሁሉ ፊት "እስከ መቼ ነው? ችግሩ ከማን ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ተሬሳ ወንበር ተሸክሞ በበሩ ሲገባ ጥያቄዋን ሰማ። ወንበሩን አስቀመጠና "ከእኔ ነው" አለ። ይኸው ነው፤ ሌላ ቃል አልጨመረም።

አሁን ምን ብለህ ተረጎምከው? ሰምቼሃለሁ እኮ። "ዘመዶች ስለ ልጅ ጠየቁን" ብቻ ነው ያልከው። ያን ሁሉ ያወራሁትን በአራት ቃል ጨረስከው? ቅዱሳን፣ አያችሁልኝ? አማርኛ የምትሰሙት ትስቃላችሁ፤ ሀርሜ ግን የሚስቀውን ሰው ነው ዞር ዞር ብለው የሚያዩት። እሺ፣ እቀጥላለሁ። መንገዱን አገኘዋለሁ።

ወደ ነቀምቴ ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ በጆሮው "ለምን ዋሸህ?" አልኩት። እሱም በጆሮዬ "አንቺ እዚህ ወገን የለሽም። እኔን ቢንቁኝ በቤቴ ነኝ። አንቺን ቢንቁሽ የት ትገቢያለሽ?" አለኝ። ጌታዬ! እንዲህ ያለ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ እኔ በመስኮት አየር ፍለጋ እንገላታለሁ። ልቤ በእሱ ይኮራል፣ ያው ልቤ ያፍራል፣ ደግሞም ተመስገን ይላል፤ ስሙ ከእኔ ላይ ወርዷላ! ሁሉም ባንድ ጊዜ። የትኛው ትክክል እንደነበረ ዛሬም አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ በሙሉ በእሱ ላይ ዞረ። ዘመዶቹ ፈልፈለ ነው፣ ድግምት ነው፣ እኔን ሳያገባ የቀረ ሰው አስሮታል አሉ። ሀርሜ በእንባ ጸለዩለት፣ ማር በየጊዜው ላኩለት፤ ማሩ እንኳን ጥሩ ነበር። እናቴ ከአንገር ጉቲን "ልጄ፣ ጠበል አስጠምቂው እንጂ" ትለኛለች። የአጎቱ ልጅ ሊያገባ ሽማግሌ ሲላክ፣ የዘመዱን ሁሉ ሽምግልና የሚያውቀውን እሱን አልፈው ታናሽ ወንድሙን ላኩ። ተሬሳ ያን ቀን እስኪመሽ እንጨት ላገ፤ ማንም ያላዘዘው እንጨት ነው።

ነጻ የማውጣት አገልግሎት የሚሰጥ ሰው ከሌላ ከተማ መጣ። ሀርሜ ለመኑት፣ ልጃቸው ወደ ፊት ወጣ። አገልጋዩ ግንባሩን እየገፋ "ልቀቅ! ይህን ወንድ ልቀቅ!" ይላል። ተሬሳን ታውቁታላችሁ፣ የአናጢ እግር ነው፣ ተክሎ ከቆመ አይነቃነቅም። ሰውየው ገፋ፣ ገፋ፣ ላቡ ፈሰሰ። መጨረሻ ላይ ተሬሳ አዘነለትና በፈቃዱ ቁጭ አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ! እኔ ከኋላ ተቀምጬ "የምታስወጡት ካለ ያለው እዚህ እኔ ጋ ነው፣ አድራሻ ተሳስታችኋል" ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። አልጮህኩም። ፈራሁ።

አሁን ወደ ክኒኑ ልምጣ። ተሬሳ፣ አትሳል። አብሮት የሚሠራ ጓደኛው አዘነለትና እጁን ይዞ ወደ አንድ መድኃኒት ቤት ወሰደው። ጤነኛ ነኝ እንዳይል የተናገረው አለ፤ ታምሜያለሁ እንዳይል አልታመመም። ለወንድ የሚሰጠውን ክኒን ሰጡት፣ ጓደኛው ቆሞ እያየው ዋጠ። ቤት ሲመጣ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቷል፣ ራሱን ይዞታል፣ ልቡ ይደልቃል። "ምን ሆንክ?" ስለው "መድኃኒትሽን ዋጥኩልሽ" አለኝ። ጨርቅ አርጥቤ ግንባሩ ላይ አደረግኩለት። መጀመሪያ ሳቅኩ፤ ሳቄን መግታት አቃተኝ። ከዚያ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረና እሱንም መግታት አቃተኝ።

በዚያው ሰሞን ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። ለክፋት አይደለም፣ ለእኔ አዝነው ነው። "ልጃችን፣ አንቺ ገና ወጣት ነሽ። እሱ እንዲህ ከሆነ እድሜሽ አይለፍ። ብትሄጂ ማንም አይቀየምሽም፣ እኛው መርቀን እንሸኝሻለን" አሉኝ። ወደ ተሬሳ ዞርኩ፣ አሁንስ ይናገራል ብዬ። "እንደ ፈቀደች" አለ። ወገኖቼ፣ ሊመርቁኝ ነው! የበደለ ሳይኖር ትዳሬ ሊፈርስ፣ እኔ ተበዳይ ተብዬ በክብር ልወጣ፣ እሱ ደግሞ ስሙን ተሸክሞ ሊቀር ነው። "ጥቂት ጊዜ ስጡኝ" ብዬ ሸኘኋቸው።

ጓዳ ገብቼ ተንበረከክሁ። "ጌታ ሆይ፣ የዘጋኸኝ አንተ ነህ? አንተ ከሆንክ ለምን? አንተ ካልሆንክ ማን ነው?" አልኩት። እንደ ሌሎቹ ምስክርነቶች ድምፅ ሰማሁ ብላችሁ ደስ ባለኝ። አልሰማሁም። ዝም ነው ያለኝ። ከዝምታው መሃል ግን አንድ ሐሳብ መጣ፦ እስከ ዛሬ የታከመው ሁሉ እሱ ነው፣ እኔን ያየኝ ሰው የለም። ያ ጌታ ይሁን ድካሜ ይሁን አልለየሁትም። ብቻ በማግስቱ ሆስፒታል ሄድን።

ያየችን ዶክተር ሴት ናት። መጀመሪያ እኔን ለብቻ፣ ከዚያ እሱን ለብቻ፣ ከዚያ አንድ ላይ አነጋገረችን። እኔ ከድንጋጤዬ የተነሳ በመጀመሪያው አፌ "ዶክተር፣ ጸሎት ጸልዬ ነው" አልኳት። አልሳቀችብኝም። "ስለ ጸሎትሽ እግዚአብሔርን ጠይቂው። ስለ ጡንቻሽ ግን እኔን ጠይቂኝ" አለችኝ። ኢንፌክሽን ወይም ቁስል እንደሌለ መርምራ አረጋገጠች። ከዚያ "ይህ ነገር የሚታወቅ ነው። ጡንቻው አንቺ ሳታዝዢው በፍርሃት ይኮማተራል። ሰውነትሽ ጠላትሽ አይደለም፤ በሩ ላይ የቆመ ዘበኛ ነው። የመጣው ባለቤቱ እንደሆነ የነገረው ሰው ስለሌለ ነው የሚዘጋው" አለችኝ።

ተሬሳን ደግሞ "አንተስ ምን ትወስዳለህ?" ስትለው ከኪሱ የተረፈውን ክኒን አወጣ። አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ "የማያምህን አትታከም፤ እንዲህ ያለውንም ያለ ሐኪም አትዋጥ፣ የልብ ሕመም ላለበት ሰው አደገኛ ነው" አለችው። እኔ እዚያው ማልቀስ ጀመርኩ።

ወንዶች፣ ለእናንተም የነገረችንን ልንገራችሁ፣ ተሬሳ በደንብ ተርጉምላቸው። ሰው እንዲህ ሲሆን ወዲያው ታሰረ አትበሉ አለች። ስኳር በሽታ አለ፣ ደም ግፊት አለ፣ ለሌላ በሽታ የሚወሰድ መድኃኒት አለ፣ መጠጥና ጫት አለ፣ ኀዘንና ጭንቀት አለ። ለሴት ከወሊድ በኋላ የሚመጣ አለ፣ እድሜ ሲገፋ የሚመጣ ድርቀት አለ፣ በልጅነት የደረሰ በደል ወይም ያልተነገረ ፍርሃት አለ። አንዳንዴም ብዙው ተደራርቦ ይመጣል። "የእኔ የትኛው ነው?" አልኳት። "ያደግሽበት ፍርሃት ሳይሆን አይቀርም፤ ግን አንድ ምክንያት ብቻ አትፈልጊ" አለችኝ። እኔ ደግሞ አንድ ምክንያት ነበር የፈለግኩት! አንድ ቢሆን እገስጸው ነበር።

የቤት ሥራ ሰጠችን። ለጊዜው መሞከር አቁሙ፣ ተቃቀፉ፣ ተጫወቱ፣ አትቸኩሉ አለች። መተንፈስ አስተማረችኝ፤ ያን ጡንቻ ራሴ አጥብቄ ራሴ መልቀቅን፣ ቀስ በቀስ ሳልፈራ ራሴን ማወቅን አስተማረችኝ። ዝርዝሩን ከሚስቶች የምትፈልግ ካለች ለብቻ እነግራታለሁ። መጀመሪያ አፍሬ ተውኩት። ተመልሼ ሄድኩ። ተሻለኝ ስል ባሰብኝ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ እንደ ልማዴ እጄን ሆዴ ላይ አደርግና ምን እንደምል ይጠፋኛል። አንድ ቀን "ጌታ ሆይ፣ ይህንንም የሠራኸው አንተ ነህ፣ እንዳልፈራው እርዳኝ" አልኩ። ትክክለኛ ጸሎት ይሁን አይሁን የጠየቅኩት ሰው የለም። ከዚያ ወዲያ እሱኑ እጸልያለሁ።

አንድ ቀን፣ ቀኑን አልነግራችሁም፣ ሕመሙ አልነበረም። ሃሌ ሉያ! አልነበረም! እንባዬ ሲወርድ ተሬሳ ያመመኝ መስሎት ውሃ ሊያመጣ ሮጠ። "ኧረ ተመለስ!" አልኩት። ጌታ ይባረክ፣ ጌታ ይባረክ፣ ምን እላለሁ? እልል በሉልኝ እስቲ!

ልጅ ገና የለንም። ሆዴን አትዩት፣ የበላሁት ነው። ምስክርነቴ ስለ ልጅ አይደለም።

አሁን የተቸገርኩበትን ልንገራችሁ። በምስክርነት ሁሌ ሐኪሞቹ ተስፋ ይቆርጣሉ፣ ከዚያ ጌታ ይመጣል። የእኔ ሐኪም ግን ተስፋ አልቆረጠችም። ታዲያ ጌታ በየት በኩል ገባ? በዶክተሯ አፍ? በዚያ ዝምታ ውስጥ? ወይስ መጀመሪያውኑ ወንበር ተሸክሞ በበሩ ሲገባ "ከእኔ ነው" ባለው ሰው? ለመጋቢያችን ይህንኑ ጥያቄ አቅርቤ ነበር፤ "እኔም አላውቅም፣ ግን አመስግኚ" አሉኝ። ስለዚህ ሳይገባኝ አመሰግናለሁ። ገብቶኝ ላመስግን ብል ገና ብዙ ዓመት መጠበቅ ሊኖርብኝ ነው።

ከእናንተ መካከል በቤቱ እንዲህ ያለ ነገር ይዞ ዛሬ እዚህ የተቀመጠ አለ። በጌታ ታመኑ። ታምናችሁም ሐኪም ዘንድ ሂዱ፣ ሁለታችሁም አብራችሁ ሂዱ። ያላወቃችሁትን ነገር መንፈስ ብላችሁ ስም አታውጡለት። ሚስትህን አትፍረድባት፣ ባልሽን ለዘመድ አሳልፈሽ አትስጪው። ጌታ ነገሩ ያልገባውንም ሰው ይሰማል፤ እኔን ሰምቶኛል።

ተሬሳ? ለምን ዝም አልክ? ይህን ሁሉ አልተረጎምክም እኮ። ቅዱሳን፣ እያለቀሰ ነው። ሀርሜ "ማል ጄቴ? ማል ጄቴ?" እያሉ ነው፤ ምን አለች እያሉ። እሺ፣ አትተርጉመው። ብቻ እንዳትስቁብኝ፣ እኔው እለዋለሁ። ሀርሜ፣ ወደ እኔ እዩ። ኢልሚ ኬሰን ፈያ ዸ። ልጅዎ ጤነኛ ነው። ረኮን ከን ኮ ቱሬ። ችግሩ የእኔ ነበር። እሱ ስለ እኔ ብሎ ነው። በትክክል ተናገርኩት? ገባቸው?

ገብቷቸዋል። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ተሬሳን "ማሊፍ?" አሉት፤ ለምን ማለታቸው ነው። ተነሱ፣ እየመጡ ነው። ልጃቸው አጠገቤ ቆሟል፣ ወደ እሱ ይመስለኛል የሚመጡት። አይ፣ አይደለም፣ እጃቸውን ወደ እኔ ነው የዘረጉት። እስከ ዛሬ በስሜ ነበር የሚጠሩኝ። አሁን "ኮቱ፣ ኢንተለ ኮ" እያሉኝ ነው። ነይ ልጄ ማለታቸው ነው፤ ይህን የሚተረጉምልኝ አያስፈልገኝም። ቅዱሳን፣ ጌታ ይባርካችሁ፣ ልሂድ።